የኮምፒዩተር ፕሮግራምም እንደ ሸቀጥ ታሽጎ ይቅረብ

በንግድ ሥራ የተሰማራ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፤ ዕቃ ከፋብሪካ ወጥቶ መጋዘን እስኪገባ ድረስ ደኅንነቱ የሚጠበቀው በማሸጊያው ነው። ሣጥኑ በሚገባ ተመትቶ፤ ምልክቱና ቍጥሩ በላዩ ተጽፎ፤ በውስጡ ያለው ዕቃ በዝርዝር ወረቀት ላይ ሰፍሮ ካልመጣ፤ አስተዋይ አስመጪ ፊርማውን በመረከቢያው ላይ አያኖርም። ቡናም ሆነ የቅባት እህል ወደ ውጭ የሚልክ ነጋዴ፤ ጆንያውን ሳያሰፋና ምልክቱን ሳያሳትም ጭነቱን ወደ ወደብ ቢሰድ፤ ገዢው እንደማይቀበለው አስቀድሞ ያውቃል። ይህ ልማድ በአንድ ቀን የመጣ አይደለም፤ ስንት ጭነት ከተበላሸ፤ ስንት ሣጥን ከጠፋና ስንት ክርክር ከተነሣ በኋላ የተገኘ የንግድ ጥበብ ነው።

ይሁን እንጂ ይኸው ጥንቁቅ ነጋዴ ለቢሮው የኮምፒዩተር ፕሮግራም ሲያሠራ፤ ጥንቃቄውን በመጋዘኑ ደጃፍ ጥሎት የሚገባ ይመስላል። ፕሮግራሙ ሳይታሸግ፤ ዝርዝሩ ሳይጻፍ፤ በኮምፒዩተሩ ውስጥ እንደ ፈሰሰ እህል ተበትኖ ሲቀርብለት፤ «ይሠራልን?» ብሎ ብቻ ይጠይቅና «ይሠራል» ሲባል ገንዘቡን ይከፍላል። ይህ አሠራር መቅረት አለበት። በተለይም ሊኑክስ በሚባለው ሥርዓት ላይ፤ ፓይተን በሚባለው ቋንቋ ተጽፈው የሚሠሩ ፕሮግራሞች እንደ ማንኛውም ሸቀጥ ታሽገው፤ በአንድ ትእዛዝ የሚጫኑና በአንድ ትእዛዝ የሚራገፉ ሆነው ካልቀረቡ፤ ነጋዴው ገና እንዳልተረከባቸው ሊቈጥር ይገባል።

የሁለቱን ስም ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ ማስረዳት ይጠቅማል። ሊኑክስ፤ በፊንላንድ አገር የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ሊኑስ ቶርቫልድስ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1991 ዓ.ም. ለሕዝብ ያቀረበው፤ ኮምፒዩተሩን ከውስጥ ሆኖ የሚያስተዳድር ሥርዓት ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታትም ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው። ፓይተን ደግሞ የኔዘርላንድስ ተወላጅ የሆነው ጊዶ ቫን ሮሰም በዚያው በ1991 ዓ.ም. ያወጣው የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ነው። ሁለቱም ያለ ፈቃድ ክፍያ የሚገኙ ስለ ሆነ፤ ወጪውን ለሚቈጥብ የንግድ ቤት ተስማሚ ናቸው። ፓይተን ለመማር የማያስቸግር በመሆኑም፤ ለአንድ ቢሮ ጉዳይ ብቻ የሚያገለግል ትንሽ መሣሪያ ለማዘጋጀት ብዙ ባለሙያዎች ይመርጡታል።

ለምሳሌ አንድ አስመጪ ኢንቮይሱን ከፓኪንግ ሊስቱ ጋራ እያመሳከረ ልዩነት ያለበትን መስመር የሚያሳይ፤ ዐሥራ ሦስት ወር ባለው በኢትዮጵያ ዘመን አቈጣጠር የተጻፈውን ቀን ወደ አውሮፓ አቈጣጠር የሚመልስና ለትራንዚተሩ የሚሰጠውን ሰንጠረዥ የሚያዘጋጅ መሣሪያ አሠራ እንበል። እንዲህ ያለው መሣሪያ ለሁለት ጸሓፊዎች የሚበቃ ሥራ በጥቂት ደቂቃ ይጨርሳል። ጥቅሙ ይህን ያህል ከሆነ ዘንድ፤ በጠፋ ጊዜ የሚያደርሰው ጉዳትም ያንኑ ያህል መሆኑ የማይቀር ነው።

የዚህ መሣሪያ አቀራረብ ግን ብዙ ጊዜ እንደሚከተለው ነው። ባለሙያው ወደ ቢሮው ይመጣል፤ በኮምፒዩተሩ ፊት ይቀመጣል፤ የበላይ አስተዳዳሪውን ሥልጣን፤ ማለት የቤቱን ሁሉ ቍልፍ ይቀበላል። ከዚያም ፒፕ በሚባለው የፓይተን ጫኝ አማካይነት፤ ለመሣሪያው የሚያስፈልጉትን ላይብረሪ የሚባሉ ረዳት ክፍሎች ከኢንተርኔት ያወርዳል። እነዚህ ክፍሎች የሚገኙት ፓይፒአይ ከሚባለው የፓይተን ግምጃ ቤት ሲሆን፤ በዚያ የተመዘገቡት ሥራዎች ከ500,000 በላይ ናቸው። ባለሙያው የሚያወርደውን ሁሉ ኮምፒዩተሩ ለራሱ አገልግሎት ከያዘው ፓይተን ጋራ ይቀላቅለዋል፤ መሣሪያው ሲሠራ ያሳያል፤ ሒሳቡን ተቀብሎም ይሄዳል። በዚያን ቀን ሁሉም ነገር መልካም ነው።

ጉዳቱ የሚመጣው «ኮምፒዩተሩ ለራሱ አገልግሎት የያዘው» ከተባለው ነገር ነው። በብዙዎቹ የሊኑክስ ዐይነቶች ውስጥ ፓይተን ለእንግዳ ብቻ የተዘጋጀ ክፍል አይደለም፤ የቤቱ ሠራተኞችም የሚሠሩበት ነው። በኡቡንቱ ሥርዓት ውስጥ፤ የኮምፒዩተሩን በር ከውጭ ጠላት የሚጠብቀው ዩ.ኤፍ.ደብልዩ. የተባለው ዘበኛና ሥርዓቱን ወደ አዲስ ዕትም የሚያሸጋግረው መሣሪያ የተጻፉት በፓይተን ነው። በሬድ ሃት ሥርዓትም ለብዙ ዓመታት ፕሮግራሞችን ሲጭንና ሲያራግፍ የኖረው ያም የተባለው መሣሪያ የተጻፈው በፓይተን ነበር። ያም የተጻፈው ለሁለተኛው የፓይተን ትውልድ ስለ ነበረ፤ አንድ ቸኳይ ሠራተኛ ፓይተንን በሦስተኛው ትውልድ በለወጠው ጊዜ፤ ያም ከነጭራሹ ሥራውን ያቆም ነበር። እንግዲህ የተበላሸውን የሚጠግነው መሣሪያ ራሱ ተበላሽቶ ሲገኝ፤ ባለቤቱ በምን ይጠግነዋል? ይህ ችግር ደጋግሞ ስለ ታየ፤ ሬድ ሃት በ2019 ዓ.ም. ባወጣው ስምንተኛ ዕትሙ፤ ሥርዓቱ ለራሱ የሚገለገልበትን ፓይተን ለብቻው አግልሎ በተለየ ቦታ አስቀመጠው።

በደቢያንና ከእርሱ በተገኘው በኡቡንቱ ዘንድ የሚደርሰው ጉዳት ደግሞ ሌላ መልክ አለው። በእነዚህ ሥርዓቶች በበላይ ሥልጣን በፒፕ የተጫነ ነገር የሚቀመጠው ሎካል በሚባለው መደርደሪያ ላይ ነው። ፓይተን አንድ ረዳት ክፍል ሲፈልግ፤ የሥርዓቱን መደርደሪያ ከማየቱ በፊት ይህን መደርደሪያ ያያል። ስለዚህ ለነጋዴው መሣሪያ ተብሎ የመጣ አንድ አዲስ ክፍል፤ ኮምፒዩተሩ ከራሱ ጋራ ያመጣውን የዚያኑ ክፍል የቀድሞ ዕትም ይጋርደዋል። የቤቱ ሠራተኞችም ሳያውቁት ከማያውቁት ሚዛን ጋራ መሥራት ይጀምራሉ። በሁለት ሚዛን የሚሠራ ሱቅ ሒሳቡ እንደማይገጥም ለባለ ሱቅ መንገር አያስፈልግም።

ከዚህ ሌላ የዕትም መለወጥ የሚያስከትለው ችግር አለ። ከ2020 ዓ.ም. ወዲህ ፓይተን በያመቱ በጥቅምት ወር አዲስ ዕትም ያወጣል። በ2022 ዓ.ም. የወጣው ኡቡንቱ ፓይተን 3.10ን ይዞ ሲመጣ፤ በ2024 ዓ.ም. የወጣው ፓይተን 3.12ን ይዟል። በፒፕ የተጫኑት ክፍሎች የተቀመጡት የ3.10 ስም በተጻፈበት መደርደሪያ ላይ ነው፤ አዲሱ ፓይተን ግን የሚፈልጋቸው የ3.12 ስም በተጻፈበት ላይ ነው። ከዚህ የተነሣ ቢሮው ኮምፒዩተሩን ወደ አዲሱ ዕትም ባሸጋገረ ማግስት፤ ሁለት ዓመት በደኅና ሲሠራ የኖረው መሣሪያ «የሚያስፈልገኝ ክፍል የለም» ብሎ ይቆማል። ያ ቀን ጭነቱ ጉምሩክ የደረሰበት ቀን ቢሆን፤ ሰንጠረዡ በእጅ እስኪሠራ ድረስ ዲክላራሲዮኑ ይዘገያል፤ የመጋዘኑ ኪራይና ዲመሬጅ የሚባለው የመዘግየት ክፍያም ይቈጥራል። መሣሪያውን የሠራው ባለሙያም ምናልባት ሌላ ሥራ ይዞ ሌላ ከተማ ሄዶ ይሆናል። ምን ምን እንደ ጫነ የሚናገር ወረቀት ስላልተወ፤ የተተካው ባለሙያ እንደ አዲስ እየገመተ ይጀምራል። የቸኰለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፤ በመጀመሪያው ቀን የተረፈው ጥቂት ሰዓት በመጨረሻው ቀን በብዙ እጥፍ ይከፈላል።

የሊኑክስና የፓይተን አዘጋጆች ይህን ጉዳት አይተው ዝም አላሉም። ከሁሉ አስቀድሞ፤ እያንዳንዱ ነገር በኮምፒዩተሩ ውስጥ የት እንደሚቀመጥ የሚወስን የፋይሎች አደረጃጀት ደንብ አለ፤ የዚህ ደንብ ሦስተኛ ዕትም የወጣው በ2015 ዓ.ም. ነው። በደንቡ መሠረት ዩ.ኤስ.አር. የተባለው ክፍል የሥርዓቱ አዘጋጆች ነው፤ በውስጡ ያለው ሎካል የተባለው ደግሞ ለቤቱ አስተዳዳሪ የተተወ ነው፤ ኦፕት የተባለው ከውጭ ለሚመጣና ለብቻው ለሚቆም ፕሮግራም ተመድቧል። የማስተካከያ ፋይሎች በኢ.ቲ.ሲ.፤ እየተለዋወጡ የሚሄዱ መዝገቦች በቫር ይቀመጣሉ። መጋዘኑ በየክፍሉ ተለይቶ ባለቤቱ የተጻፈበት ነው ማለት ይቻላል።

ቀጥሎም በ2021 ዓ.ም. የፓይተን ማሻሻያ ሐሳብ ቍጥር 668 ተጻፈ። ሐሳቡ እንዲህ የሚል ነው፤ የሥርዓቱ አዘጋጆች ፓይተናቸውን ራሳቸው የሚያስተዳድሩት ከሆነ፤ «በሌላ የሚተዳደር» የሚል ስም ያለው አንድ ፋይል በውስጡ ያኑሩ፤ ፒፕም ይህን ምልክት ባየ ጊዜ እጁን ይሰብስብ። ፒፕ በ2023 ዓ.ም. መጀመሪያ ከወጣው 23.0 ከተባለው ዕትም ጀምሮ ይህን ምልክት ያከብራል። በዚያው ዓመት በሚያዝያ የወጣው ኡቡንቱ 23.04ና በሰኔ የወጣው ደቢያን 12 ምልክቱን አኑረዋል። ከዚያ ወዲህ ባለሙያው እንደ ልማዱ በሥርዓቱ ፓይተን ላይ ሊጭን ሲሞክር፤ ኮምፒዩተሩ ይከለክለውና ሌላ መንገድ ያመለክተዋል።

ነገር ግን ለዘበኛ ጉቦ የሚሰጥ አይጠፋም። ፒፕ ክልከላውን የሚያልፍ አንድ ቃል አለው፤ የቃሉም ትርጕም «የሥርዓቱን ጥቅሎች ስበር» ማለት ነው። አዘጋጆቹ ይህን አስፈሪ ስም የሰጡት ተጠቃሚው ቆም ብሎ እንዲያስብ ነው። ሆኖም ብዙዎች መልእክቱን ሳያነቡ ቃሉን እየጨመሩ ያልፋሉ። ነጋዴው ይህን ቃል መጻፍ አይጠበቅበትም፤ ባለሙያው እንደ ጻፈው ግን መጠየቅ ይችላል። «መሣሪያው ሲጫን ሥርዓቱ ከልክሎ ነበርን? ክልከላውስ በምን ታለፈ?» የሚለው ጥያቄ አጭር ነው፤ መልሱ ግን የሥራውን ጥራት ይገልጣል።

እንግዲህ የተገባው አስተሻሸግ ምን ዐይነት ነው? የመጀመሪያው ደረጃ የፕሮግራሙ የራሱ ዝርዝር ወረቀት ነው። ይህም ፓይፕሮጀክት ቶምል የሚባል አንድ የጽሑፍ ፋይል ሲሆን፤ የመሣሪያው ስም፤ የዕትሙ ቍጥር፤ የሚያስፈልገው የፓይተን ዕትም፤ የሚያስከትላቸው ረዳት ክፍሎችና ተጠቃሚው የሚጽፈው የትእዛዝ ስም ይሰፍርበታል። ከዚህ ዝርዝር ጋራ ፕሮግራሙ ዊል በሚባል አንድ ፋይል ይታሸጋል። ዊል እንደ ታሸገ ካርቶን ነው፤ ሲከፈት የቱ ነገር የት እንደሚሄድ አስቀድሞ ተወስኗል። ይህ ሥራ ለሚያውቅበት ባለሙያ ረጅም ጊዜ የሚወስድ አይደለም።

ሁለተኛው ደረጃ ካርቶኑን በኮምፒዩተሩ ውስጥ ለቢሮው ሠራተኛ ሁሉ በሚያገለግል ቦታ፤ ማንንም ሳይነካ ማስቀመጥ ነው። ለዚህ ሁለት መልካም መንገዶች አሉ። የመጀመሪያው ፒፕኤክስ የሚባለው መሣሪያ ነው። ፓይተን ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ፤ በ3.3 ዕትሙ፤ ለእያንዳንዱ ሥራ የተለየ ክፍል የመክፈት ችሎታ አለው። ፒፕኤክስ በዚህ ችሎታ እየተገለገለ ለእያንዳንዱ ፕሮግራም የራሱን ክፍል ይከፍትለታል፤ ረዳቶቹን ሁሉ በዚያ ውስጥ ያስቀምጣል፤ ወደ ውጭ የሚያወጣው ተጠቃሚው የሚጽፈውን ትእዛዝ ብቻ ነው። ከ2024 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ለአንድ ሰው ብቻ ሳይሆን ለኮምፒዩተሩ ተጠቃሚዎች ሁሉ መጫን ይችላል፤ ክፍሉን በኦፕት ሥር፤ ትእዛዙን በሎካል ሥር ያኖራል። የፓይተን ዕትም በተለወጠ ጊዜም፤ ሁሉንም ክፍሎች በአንድ ትእዛዝ እንደ ገና ማቆም ይቻላል። አንድ ወይም ሁለት ኮምፒዩተር ላለው ሱቅ ይህ ይበቃዋል።

ሁለተኛው መንገድ የሥርዓቱ የራሱ ጥቅል ነው፤ በደቢያንና በኡቡንቱ ዘንድ ዴብ፤ በሬድ ሃትና በፌዶራ ዘንድ አር.ፒ.ኤም. ይባላል። ይህ መንገድ ድካሙ የሚበልጥ ቢሆንም ጥቅሙም ይበልጣል። ጥቅሉ በተጫነ ጊዜ ሥርዓቱ እያንዳንዱን ፋይል በመዝገቡ ይጽፈዋል። ከዚያ በኋላ ማንም ሰው አንድ ፋይል አንሥቶ «ይህ የማን ነው?» ቢል መዝገቡ ይመልስለታል፤ «ከተጫነ በኋላ የተለወጠ አለን?» ቢልም መርምሮ ይነግረዋል። ጥቅሉ ሲራገፍ በመዝገቡ የተጻፈው ሁሉ ይነሣል። እንዲያውም በደቢያን ዘንድ ማራገፍና ጨርሶ ማጽዳት ሁለት የተለያዩ ትእዛዞች ናቸው፤ የመጀመሪያው ፕሮግራሙን አንሥቶ የማስተካከያ ፋይሎቹን ያቆያል፤ ሁለተኛው እነርሱንም ያነሣል። በአንጻሩ ፒፕ አንድን ፕሮግራም ሲያራግፍ፤ ከእርሱ ጋራ የመጡትን ረዳቶች በቦታቸው ይተዋቸዋል። ሣጥኑ ወጥቶ ገለባው መጋዘኑን ሞልቶት ይቀራል።

በዚህ አሳብ ላይ የሚነሡ ተቃውሞዎች እንዳሉ የታወቀ ነው፤ ሚዛን ያላቸውም አሉባቸው። አንዳንዶች «ለትንሽ መሣሪያ ይህ ሁሉ ምን ያደርጋል?» ይላሉ። መልሱ መሣሪያው ትንሽ ቢሆንም በእርሱ ላይ የተደገፈው ሥራ ትንሽ አለመሆኑ ነው። ሌሎች «እያንዳንዱ ፕሮግራም የራሱን ረዳቶች ከያዘ ቦታ ይባክናል» ይላሉ። ይህ እውነት ነው፤ ነገር ግን ለአንድ የቢሮ መሣሪያ የሚባክነው ቦታ በዛሬ ዲስክ ላይ ጥቂት ሲሆን፤ የሚድነው ጊዜ ግን ብዙ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ ስለ ደኅንነት የሚነሣው ነው። በአንድ ረዳት ክፍል ላይ ስሕተት ሲገኝ፤ የደቢያን ወይም የሬድ ሃት አዘጋጆች የሚያርሙት በራሳቸው መደርደሪያ ያለውን ነው። በተለየ ክፍል ተዘግቶ ያለው ቅጂ ግን ይህ እርማት አይደርሰውም። ስለዚህ የሚቻል ሲሆን፤ ዴቡ ወይም አር.ፒ.ኤሙ ረዳቶቹን በሆዱ ከመያዝ ይልቅ ሥርዓቱ በሚያቀርባቸው ረዳቶች እንዲገለገል ማድረግ ይመረጣል። እንዲህ የተሠራ ዴብ በደቢያን ዘንድ የዕትም ቍጥር በማይጻፍበት የጋራ መደርደሪያ ላይ ስለሚቀመጥ፤ ፓይተን ከአንድ ዕትም ወደ ሌላ ሲሸጋገርም መሣሪያው ከመደርደሪያው አይጠፋም። ሥርዓቱ የሚያቀርበው ረዳት ያረጀና የማይበቃ ሲሆን ብቻ የተለየ ክፍል ይከፈት፤ የዚያን ጊዜ ግን በየወሩ እየመረመረ የሚያድስ አንድ ኃላፊ በስሙ ይመደብ። ኃላፊ የሌለው የተዘጋ ክፍል እንደማይቈጠር መጋዘን ነው፤ ውስጡ ምን እንደ በሰበሰ የሚታወቀው ሽታው ሲወጣ ነው።

ስለ ዕቃው ትክክለኛነትም ነጋዴው የሚያውቀው ነገር እዚህ ይሠራል። በገበያ ላይ የታወቀውን የንግድ ምልክት አንድ ፊደል ለውጦ አስመስሎ የሚሸጥ እንዳለ ሁሉ፤ በፓይፒአይ ግምጃ ቤትም አለ። በ2017 ዓ.ም. የስሎቫኪያ ብሔራዊ የጸጥታ መሥሪያ ቤት፤ የታወቁ ክፍሎችን ስም በመጠኑ እየለወጡ በግምጃ ቤቱ የገቡ የሐሰት ክፍሎች መገኘታቸውን አስታወቀ። ዩ.አር.ኤል.ሊብ 3 በሚባለው ፈንታ ቍጥሩን ጥሎ የተሰየመ አንዱ ነበር። ስሙን በጥቂት ስሕተት የጻፈ ሰው ያልፈለገውን ዕቃ ወደ ቤቱ ያስገባል፤ በበላይ ሥልጣን የጫነው ከሆነም ለሌባው የቤቱን ሁሉ ቍልፍ አስረክቦታል። መድኃኒቱ የታወቀ ነው። ባለሙያው የእያንዳንዱን ረዳት ክፍል ስምና ዕትም፤ ከዲጂታል አሻራው ጋራ በዝርዝር ይጽፋል፤ ፒፕም አሻራው የማይገጥመውን አልቀበልም እንዲል ይታዘዛል። ይህ በሣጥን ላይ እንዳለ የእርሳስ ማኅተም ነው፤ የተፈታ ወይም የተለወጠ እንደ ሆነ ወዲያው ይታወቃል።

የዚህ ዝርዝር ሌላ ጥቅም ኢንተርኔት በማይገኝበት ወይም በሚቋረጥበት ጊዜ ይታያል። ረዳቶቹ ሁሉ አስቀድመው ወርደው ከመሣሪያው ጋራ በአንድ ማኅደር ከተቀመጡ፤ ፒፕ ከኢንተርኔት ምንም ሳይፈልግ ከማኅደሩ ብቻ እንዲጭን ማዘዝ ይቻላል። በሌላ ከተማ ቅርንጫፍ ያለው ነጋዴ፤ ማኅደሩን በፍላሽ ዲስክ ልኮ በዋናው ቢሮ ያለውን መሣሪያ አንድም ሳይለወጥ በዚያ ሊያቆመው ይችላል። ዛሬ ከኢንተርኔት የሚወርደው ዕትም ነገ የሚወርደው ላይሆን ስለሚችል፤ ይህ ካልተደረገ የሁለቱ ቢሮዎች መሣሪያ በስም አንድ ሆኖ በሥራ ሁለት ይሆናል።

በመጨረሻ ነጋዴው ፕሮግራም ሲረከብ ምን ማድረግ እንደሚገባው መናገር ያስፈልጋል። ፕሮግራም መጻፍ ማወቅ አይፈለግበትም፤ ሦስት ፈተናዎችን ማዘዝ ብቻ ይበቃዋል።

አንደኛ፤ መሣሪያው ከዚህ በፊት ምንም ባልተጫነበት ሊኑክስ ባለው ኮምፒዩተር ላይ፤ ሠሪው ሳይሆን ሌላ ሰው የተጻፈውን መመሪያ ብቻ እያነበበ ይጫነው። ሠሪው በአጠገቡ ቆሞ «ይህንንም ጨምር» እያለ የሚያስታውሰው ነገር ካለ፤ ዝርዝሩ ጎደሎ ነው።

ሁለተኛ፤ ኮምፒዩተሩ ስለ መሣሪያው ይጠየቅ። ምን ምን ፋይል እንዳስገባ፤ የት እንዳኖረው፤ ዕትሙ ስንት እንደ ሆነ ይመልስ። ዝርዝሩም ታትሞ ከውሉ ጋራ በፋይል ይቀመጥ።

ሦስተኛ፤ መሣሪያው ይራገፍ። ከተራገፈ በኋላ ኮምፒዩተሩ እንደ ቀድሞው መሆኑ፤ የነጋዴው የራሱ መዝገቦች ግን ሳይነኩ በቦታቸው መቅረታቸው ይታይ። መዝገቡን ከፕሮግራሙ ጋራ በአንድ ቦታ የሚያስቀምጥ መሣሪያ፤ ሲራገፍ ወይም ሲታደስ የዓመቱን ሒሳብ ይዞ ሊሄድ ስለሚችል፤ ይህ ፈተና ከሁሉ የሚከብድ ነው። ፈተናውም የሚደረገው በሙከራ መዝገብ ነው እንጂ በእውነተኛው አይደለም።

እነዚህ ሦስት ፈተናዎች በውሉ ውስጥ እንደ አንድ አንቀጽ ቢገቡና ከዋጋው የተወሰነው ክፍል እስኪፈጸሙ ድረስ ቢያዝ፤ በሁለቱም ወገን ቅሬታ አይኖርም። ባለሙያውም ቢሆን ይጠቀማል እንጂ አይጐዳም፤ በሚገባ ያሸገውን መሣሪያ ለሁለተኛውና ለሦስተኛው ደንበኛ ያለ ተጨማሪ ድካም ሊሸጠው ይችላልና። ሳያሽግ የሚያስረክብ ባለሙያ ግን አንዱን ሥራ በየቢሮው ደጋግሞ ይሠራዋል፤ በየሌሊቱም በስልክ ይጠራል።

ነጋዴው የማሸግን ጥቅም ከማንም የሚማረው አይደለም። ዕቃው ከባሕር ማዶ ተነሥቶ በመርከብና በካሚዮን ተጭኖ፤ በሦስትና በአራት እጅ አልፎ፤ ሳይጐድል ከመጋዘኑ የሚደርሰው ስለ ታሸገና ስለ ተመዘገበ መሆኑን በየቀኑ ያያል። የሚጐድለው ይህንኑ ዕውቀቱን ወደ ኮምፒዩተሩ ክፍል ይዞት መግባት ብቻ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፤ በመጋዘኑ በር ላይ የሚጠይቀውን ዝርዝርና ማኅተም በፕሮግራሙም ላይ ይጠይቅ፤ ዝርዝሩ ሳይቀርብና ማኅተሙ ሳይታይ በመረከቢያው ላይ አይፈርም።